አያ ገብስማና የተሰነጠቀው ኮንክሪት

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ኑ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው እንስሳት ቤት ሠርተው፣ ግቢ አጥረው፣ በር ዘግተው ይኖሩ በነበረበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ድንጋይ ይናገራል፣ ብረት ይመልሳል፣ ሲሚንቶም ቅር ሲለው «ቅር ብሎኛል» ይላል።

በዚያ ዘመን አያ ገብስማ የሚባል አንድ አውራ ዶሮ ነበረ። ቤት አለው። እመት ዛጎልማ የምትባል ሚስት አለችው። ለጋብቻ የደረሰች ወሰራ የምትባል ቄብ ልጅ አለችው፤ ከእሷ በታች ደግሞ ገና ጭው ጭው የሚሉ ጫጩቶች አሉት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሰፈሩ ማንም የሌለው አንድ ነገር አለው። የመኪና መግቢያ! ከውጭ በር እስከ በረንዳ የተዘረጋ፣ ሰፊ፣ ልሙጥ ኮንክሪት።

መኪናስ አለው? የለውም። ጎረቤት «አያ ገብስማ፣ መኪና ሳይኖርህ መግቢያው ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሲጠይቀው ደረቱን ነፍቶ፣ «መኪናማ ማንም ይገዛል፤ መግቢያ ያለው ስንቱ ነው?» ይላል።

አያ ገብስማ እንደ ሌሎቹ አውራ ዶሮዎች አጥር ላይ ወጥቶ አይጮህም። ጠዋት ጠዋት ኮንክሪቱ መሀል ይቆምና በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፤ ድምፁን ሰምቶ ደስ ሲለው ነው የሚጮኸው።

ታዲያ አንድ ክረምት ዝናብ መጣና ኮንክሪቱ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። አያ ገብስማ ጭድ መስላው በክንፉ ጠረጋት። አልተጠረገችም። ሌላ ዝናብ መጣ፣ መስመሯ ትል አከለች። ሌላ ዝናብ ተጨመረ፤ በውጭ በሩ አጠገብ ያለው ጥግ ተሰንጥቆ ዘመመ፣ ወደ ታችም ሰጠም፣ ውሃ አቆረ። እንቁራሪት ቤተሰቧን ይዛ ገባችበት።

አያ ገብስማ ምን አደረገ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጮኸው ስንጥቁ ላይ ቆሞ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ስንጥቁን ሸፍኖ ሆነ።

እንዲህ እያለ ሳለ አንድ መልእክት መጣ። ግራዝማች ጅግራ ለልጃቸው ወሰራን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይዘው እሑድ ይመጣሉ ተባለ። እመት ዛጎልማ እልል አለች። አያ ገብስማ ግን እህል አልወርድ አለው።

«ሽማግሌ እዚህ ስንጥቅ ላይ ቆሞ ልጄን አይጠይቅም!» አለ።

«የሚጠይቁት ልጅቷን ነው ወይስ ኮንክሪቱን?» አለች እመት ዛጎልማ።

«አንቺ አይገባሽም። ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያየው መግቢያውን ነው።»

«እኔን ሊጠይቁ አባትህ የላኳቸው ሽማግሌዎች ምን ላይ ነበር የቆሙት?»

«ጭቃ ላይ።»

«ታዲያ ምን ቀረብህ?»

አያ ገብስማ ወደ ሰማይ አየ።

ይህን ጊዜ ኮንክሪቱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አቧራው ቡን አለ። «ጌታዬ፣ እኔ አላረጀሁም። ከላይ አይዩኝ፣ ከሥሬ ይዩኝ» አለ።

«ዝም በል!» አለው አያ ገብስማ። «አንተ የምትረገጥ ነህ እንጂ የምትናገር አይደለህም።»

ጎረቤት ተጠርቶ ምክር ተያዘ። ፍየል ኮንክሪቱ ላይ ዘላ ዘላ «ይጠገን» አለች። አህያ አንዴ በኮቴው መታ አድርጎ «ይፍረስ» አለ። በግ «እኔም እንደዚያው» አለች። «እንደ የትኛው?» ሲሏት «እንደ ሁለቱም» አለች። ከዚያም ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ሌላ ስብሰባ ያስፈልገዋል ብለው የቀረበላቸውን ቆሎ ጨርሰው ሄዱ።

መጀመሪያ የመጣችው ባለሙያ እመት ጦጢት ናት። በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው የግንበኛ ማንኪያ ይዛለች። ማንኪያው ገና ከበር ሳይገባ «እኔ እያለሁ ማፍረስ የሚባል ነገር እንዳይነሳ!» ይላል።

እመት ጦጢት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስንጥቁን አየችና ሳቀች። «ጌታዬ፣ ይሄማ የፊት መጨማደድ ነው። ትንሽ ቅባት ይበቃዋል።»

ሲሚንቶ በውሃ በጠበጠችና ቀባችው። ኮንክሪቱ ሙሽራ መሰለ። አያ ገብስማ ዙሪያውን እየዞረ ሲያደንቅ ዝናብ ዘነበ፤ ስንጥቁ ተመልሶ መጣ። እመት ጦጢት ወፈር አድርጋ ቀባችው። ዘነበ፣ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው በሲሚንቶው ላይ ግራጫ ቀለም ደረበችበትና፣ «አሁን አልቋል። ብቻ ማንም እንዳይረግጠው» አለች።

«ሽማግሌዎቹ ታዲያ በየት በኩል ይገባሉ?»

«ይብረሩ! ጅግራ አይደሉ እንዴ?» አለችና ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ዝናቡ እሷ ከሰፈር ሳትወጣ ደረሰ። ቅባቱም ቀለሙም ታጥቦ እንቁራሪቶቹ ላይ ወረደ።

«ጌታዬ» አለ ኮንክሪቱ፣ «ከላይ አይዩኝ፣ ከሥሬ ይዩኝ።»

«ዝም በል ብዬሃለሁ!»

ሁለተኛው ባለሙያ የመጣው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። አያ ጅቦ! በዚያን ጊዜ ሥራ ተቋራጭ ነኝ ይል ነበር። ዲጂኖ የሚባለውን ረጅም የመፈንቀያ ብረት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ዲጂኖው ግን ትዕግሥት የለውም፤ «የቱ ጋ ልምታ? የቱ ጋ ልምታ?» ይላል።

«አያ ገብስማ፣ ጤና ይስጥልኝ» አለ አያ ጅቦ። «ጦጢት ቀባባችልዎት አሉ። አዬ! ጥገና እኮ ለተርታው ነው። ለእርስዎ ዓይነቱ ጌታ ነውር ነው። ይሄ ሁሉ ተነቅሎ ይወጣና አዲስ ይፈሳል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስገባ!»

«ሁለት?» አለ አያ ገብስማ።

«ሦስትም ይቻላል።»

አያ ገብስማ የሌሉት ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን ሲገቡ ታዩት። ዓይኑን ጨፈነ።

«ብቻ» አለ አያ ጅቦ፣ «አንዳንድ ነገር ያስፈልገኛል። መጀመሪያ የውጭ በሩ ይነቀል።»

«በሩ ለምን ይነቀላል?» አለች እመት ዛጎልማ።

«እመቤቴ፣ አሸዋ የጫነ መኪና በምን ይገባል?»

«ልክ ነው» አለ አያ ገብስማ።

«ሥራው ደግሞ የሚጀመረው ሲመሻሽ ነው።»

«ሲመሻሽ ለምን?»

«ፀሐይ ሲሚንቶ ታደርቃለቻ።»

«ሙያ ነው!» አለ አያ ገብስማ።

«በመጨረሻም ቤተሰቡ በሙሉ፣ በተለይ ጫጩቶቹ፣ በረንዳው ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኝ።»

«ጫጩቶቹ ደግሞ ለምን?»

«ሥራው ፊታቸው እንዲሠራ ነዋ። ይሄ ግልጽነት ይባላል።»

አያ ገብስማ ይህን ቃል ሲሰማ ላባው ቆመ። «ሰማሽ? ግልጽነት!» አላት ሚስቱን። ይህን ሲባባሉ ከአያ ጅቦ አፍ ምራቅ ኮንክሪቱ ላይ ጠብ አለ። እመት ዛጎልማ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። «ምንም አይደል፤ ኮንክሪት ውሃ ይወዳል» አለና በእግሩ አበሰው።

እመት ዛጎልማ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትሸነፍ አይደለችም። «በሩ ከመነቀሉ በፊት አንዱን ስባሪ አንሣና ሥሩን አሳየን» አለች።

«ሥር ማየት ጊዜ ማባከን ነው፣ እመቤቴ።»

ይሁን እንጂ ዲጂኖው ከጠዋት ጀምሮ የሚመታው አጥቶ ሲያሳክከው የዋለ ነው። «የቱ ጋ? እዚህ ጋ?» አለና ከጅቡ ትከሻ ተንሸራቶ ወርዶ፣ ከሰጠመው ጥግ ጫፍ አንድ ስባሪ ፈነቀለ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

ከሥሩ አፈር የለም። ጨለማ ጉድጓድ ነው። እመት ዛጎልማ ጠጠር በጥፍሯ ገፋ አድርጋ ጣለችበት፤ ጠጠሩ ወርዶ ወርዶ ውሃ ውስጥ ቦጭ አለ።

«ይኸው» አለ ኮንክሪቱ። «ከዚህ ወዲያ፣ እስከ በረንዳው ድረስ፣ እግሬ ጠጠር ላይ ነው፤ ልጅ ነኝ። እዚህ ጥግ ላይ ግን አየር ላይ ነው የተንጠለጠልኩት።»

«አፈሩን ማን ወሰደው?» አለች እመት ዛጎልማ።

ከጣሪያው ጫፍ ቀጭን ድምፅ መጣ። የተናገረው አሸንዳው ነው። «የወሰደው የእኔ ውሃ ነው። ዱሮ በቧንቧዬ አድርጌ ቦዩ ውስጥ ነበር የማፈስሰው። ቧንቧዬ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ያ ጥግ ላይ ይወርዳል።»

«ቧንቧህን ማን ቆረጠው?»

አሸንዳው አፈረ። «ጌታዬ ናቸው። የመግቢያዬን መልክ አበላሸብኝ ብለው አስቆረጡኝ።»

ሁሉም ወደ አያ ገብስማ ዞሩ። አናቱ ላይ ያለው ኩክኒ ድሮም ቀይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በርበሬ መሰለ።

«በቃ፣ ነገሩማ ቀላል ነው» አለች እመት ዛጎልማ፤ ልትቆጣው አልፈለገችም። «ይሄ ጥግ ብቻ ይፍረስና ሥሩ በድንጋይና ገረጋንቲ በሚባለው ጠጠራማ አፈር ተሞልቶ ይጠቅጠቅ፣ ከላዩ አዲስ ይፍሰስ። ቀጫጭኑ ስንጥቅ ይደፈን። ቧንቧው ይመለስ። ሌላው ምን ሆነና ይፈርሳል?»

አያ ገብስማ በልቡ አሰበ። ጥጉ ብቻ ከተጠገነ ያየ ሁሉ «እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። «ውሃ ወርዶበት» ይባላል። «ውሃው ለምን ወረደበት?» ይባላል። «ቧንቧው ተቆርጦ።» «ማን ቆረጠው?» እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ዞር አደረገ። ሁሉም ቢፈርስስ? ሁሉም ከፈረሰ ማንም ምንም አይጠይቅም። አዲስ ነገር ሲያይ ሁሉም ያጨበጭባል እንጂ ምን ሆኖ ነው አይልም።

«ሁሉም ይፍረስ!» ብሎ ጮኸ። «በሩም ይነቀል!»

«እንዴት ያሉ አርቆ አሳቢ ነዎት!» አለ አያ ጅቦ። ዲጂኖውን ትከሻው ላይ መለሰና «ሲመሻሽ እመጣለሁ» ብሎ እያፏጨ ሄደ።

አህያ ተጠርቶ በሩን ነቀለው። በሩ «እኔ ምን አጠፋሁ?» እያለ አጥሩ ላይ ተጋደመ። ጠባቂ የሌለው ግቢ ወለል ብሎ ታየ፤ መንገደኛው ሁሉ ወደ ውስጥ እያየ ያልፍ ጀመር።

እመት ዛጎልማ ከባሏ ጋር አልተከራከረችም። ጫጩቶቿን ሰብስባ፣ በመሰላሉ አንድ በአንድ ጣሪያ ላይ አወጣቻቸው። «ምን እያደረግሽ ነው?» አላት። «ግልጽነቱን ከዚህ ሆነን ነው የምናየው» አለችው።

ወሰራ ግን ወደ አባቷ ቀረበች። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ የምታደርገው ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለአንቺ ክብር ነው እንጂ ለማን ብዬ ነው!»

«ለእኔ ከሆነ በሩን መልስልኝ።»

አያ ገብስማ ልጁን አያት። አጥሩ ላይ የተጋደመውንም በር አየ። ወሰራም መሰላሉን ወጣች። እሱም ብቻውን በረንዳው ላይ ቀረ። ቤቱን ያን ያህል ጸጥ ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ከች አለ። የያዙት ዲጂኖውንና ጆንያ ብቻ ነው።

«ሲሚንቶው የታለ?» አለ አያ ገብስማ።

«ከኋላ እየመጣ ነው።»

«አሸዋውስ?»

«እሱም ከኋላ ነው።»

«የአሸዋው መኪናስ?»

«ከኋላ ነው አልኩዎት እኮ!»

«ጆንያው ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«ለ... ለፍርስራሹ ነው» አለና አያ ጅቦ በረንዳውን ቃኘ። ፊቱ ተለወጠ። «ጫጩቶቹ የታሉ? ተስማምተን አልነበረም እንዴ? ግልጽነቱ የታለ?»

ይሄኔ ነው አያ ገብስማ የነቃው። ዓይኑ ከጆንያው ወደ ጥርሱ፣ ከጥርሱ በር ወደሌለው ደጅ ሄደ። በሩን ያስነቀለው እሱ ራሱ ነው።

አንዱ ጫጩት ጣሪያው ላይ ሆኖ ጭው አለ። አያ ጅቦ ቀና ብሎ አየ። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ መሰላሉም እዚያው ተደግፏል። ለዘመዶቹ በዓይኑ ጠቀሰ።

በዚያች ቅጽበት አያ ገብስማ ከእግሩ ሥር ቀስ ያለ ድምፅ ሰማ። «ጌታዬ፣» አለ ኮንክሪቱ፣ «እዚያ ጥግ ላይ እርስዎን እችላለሁ። እሱን ግን አልችልም።»

ዝም በል አላለውም። ከበረንዳው ወርዶ፣ በጅቦቹ መካከል ሾልኮ፣ የሰጠመው ጥግ ላይ ሄዶ ቆመ። ጅራቱን ሳይዘረጋ፣ ደረቱን ሳይነፋ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«አያ ጅቦ! ጫጩት ምን ሊሆንህ ነው? አጥንት ነው! ሥጋው እዚህ ነው፣ ና!»

«አባዬ!» አለች ወሰራ ከጣሪያው።

አያ ጅቦ ዞረ። ከንፈሩን ላሰ። እውነትም የወፈረ ዶሮ ነው፤ ቀትር ላይ ያየውን ጉድጓድ ስስቱ አስረሳው። ተንደርድሮ ዘለለ። አያ ገብስማ በዕድሜው በርሮት የማያውቀውን በረራ በረረ፤ አያ ጅቦ ግን የጅራቱን ላባ ግማሹን ብቻ ነጭቶ፣ ከነክብደቱ፣ ከነስስቱ፣ አየር ላይ የተንጠለጠለው ኮንክሪት ላይ አረፈ።

ኮንክሪቱ «እሱን አልችልም ብያለሁ» አለና ተናደ። የአያ ጅቦ አንድ እግር ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በስባሪው መሀል ተቀረቀረ። «ኧረ ዘመዶቼ!» ብሎ ጮኸ። ዘመዶቹ «ከኋላ እንመጣለን!» ብለው ጆንያውንም ዲጂኖውንም ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። የሰፈሩ ውሾች ጩኸቱን ሰምተው ሲንጋጉ አያ ጅቦ እግሩን በግድ መንጭቆ አውጥቶ፣ እያነከሰ፣ እያለቀሰ ጠፋ። ጅብ ሲሄድ ለምን እንደሚያነክስ ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ይኖር ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።

እሑድ ጠዋት ግራዝማች ጅግራ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው መጡ። በር የለም። መግቢያው ላይ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። አያ ገብስማ አቧራ ለብሶ፣ ከጅራቱ ላባ ግማሹ ተነቅሎ ቆሟል።

«ምን ደረሰባችሁ?» አሉ ግራዝማች ጅግራ።

አያ ገብስማ ሚስቱን አያት፣ ልጁን አያት። «የአሸንዳውን ቧንቧ እኔ አስቆረጥኩት» አለ። «መልክ አበላሸብኝ ብዬ ነው። ውሃው አፈሩን በላው። ይህ እንዳይታወቅብኝ ብዬ በሩን አስነቅዬ ጅብ አስገባሁ። ልጆቼን ላስበላ ነበር።»

ግራዝማች ጅግራ ጉድጓዱን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ በመጨረሻ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «የእኛም ጣሪያ ቀዳዳ አለው። ለእንግዳ መስኮት ነው እያልኩ ነው የምኖረው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኛ የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው» አሉ። በጉድጓዱ ዳር ዞረው፣ ደህናው ኮንክሪት ላይ ቆመው ወሰራን ጠየቁ። ወሰራም አባቷን ቀና ብላ አይታ እሺ አለች።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ጥጉን ዲጂኖው አፈረሰው፤ «ሌላስ የቱ ጋ ልምታ?» ሲል እመት ዛጎልማ «እዚህ ላይ በቃህ» አለችው። ጉድጓዱ ድንጋይና ገረጋንቲ ጠጥቶ ተጠቀጠቀ፣ ከላዩ አዲስ ኮንክሪት ፈሰሰበት። ቀጫጭኑን ስንጥቅ የእመት ጦጢት ማንኪያ ደፈነው፤ ሌላውንም ልቀባባ ሲል «አንተም በቃህ» ተባለ። በሩ ተመለሰ። አሸንዳው ቧንቧው ተቀጥሎለት ውሃውን ቦዩ ውስጥ ማፍሰስ ጀመረ፤ መልክ አበላሸ የሚለውም አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ አዲሱ ጥግ ነጣ ብሎ፣ አሮጌው ጠቆር ብሎ፣ ልዩነቱ ከሩቅ ይታይ ነበር። የሚጠይቅ ሲመጣ አያ ገብስማ ታሪኩን ከነጥፋቱ ይናገራል፤ መጀመሪያ እያፈረ ነበር፣ ኋላ ግን እየሳቀ።

እናንተም ስሙኝ። ቤት የሚያስተዳድርም ሆነ አገር የሚያስተዳድር «ሁሉም ይፍረስ» ብሎ ሲጮህ፣ እውነት ሁሉም ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ ምናልባት ከፍርስራሹ ሥር ሊቀብራት የፈለጋት አንዲት ትንሽ ጥፋት ትኖረው ይሆናል። ጥፋቷን ያመነ ጥጉን ጠግኖ ይኖራል፤ የደበቃት ግን በሩን ነቅሎ ለጅብ ይሰጣል።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌ ደርቋል፣ ውሃ አቀብሉኝ።